አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠው ለምንድን ነው?

ይህ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የታዋቂ ሰዎች ታሪክ ገጽ ነው። በዚህ እትም ተራው የኔ ስለሆነ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ልጽፍላችሁ ነው። ስለ አበበማ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሌላ ሰው አጥተህ ነው ወይ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ግን ሳነብ የማላውቀው ይበዛል።

አበበን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ባለፈው ወር በተደረገው የክፍል ለክፍል ሩጫ 7ኛ ለን ወክዬ የሮጥኩት እኔ ነበርኩ። ሩጫው የሜዳችን 15 ዙር ነው። ለውድድሩ ብዬ የወንድሜን አዲስ ጫማ ለብሼ ወጣሁ። በ6ኛው ዙር ጎኔን ውጋት ያዘኝ፣ በ8ኛው ተረከዜ መቃጠል ጀመረ፣ በ9ኛው ቆምኩ። ጫማውን ሳወልቅ ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ ካልሲው ላይ ተጣብቋል። ከዛ ቀን ጀምሮ አንዳንድ ልጆች አበበ እኮ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጧል፣ አንተ በጫማ 9 ዙር አቃተህ እያሉ ሲያሾፉብኝ ከረሙ። ታዲያ እኔም እስቲ ይሄ ሰውዬ እግሩን አያመውም ነበር ወይ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እንደዛ ነው የተጀመረው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ቢቂላ ደምሴ እናቱ ውድነሽ በነበሩ ይባላሉ። የሚገርመው ነገር በዚያው ቀን አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የኦሎምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። ልጅ እያለ እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ይጠብቅ ነበር። የገና ጨዋታም ይጫወት ነበር። ገና የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፣ የድሮው ገና ግን እንደኛ ሜዳ አይደለም። ግቦቹ አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮች ይራራቃሉ፣ ሩሯን እየተከተሉ ሲሮጡ መዋል ነው። ያን ጊዜ ማንም ልምምድ ነው አላለውም እንጂ እኔ ልምምድ ነው የምለው።

ወጣት ሲሆን አዲስ አበባ መጣና ክብር ዘበኛ ውስጥ ወታደር ሆነ። ክብር ዘበኛ ንጉሠ ነገሥቱን አፄ ኃይለ ሥላሴን የሚጠብቅ ጦር ነው። እዚያ ኳስም ይጫወት ነበር፣ ስፖርት ይወድ ነበር። በዚያ ጊዜ ሜጀር ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ አሰልጣኝ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ወታደሮቹን ሲያሰለጥኑ አበበን አዩት፣ ከዚያ በኋላ አልለቀቁትም።

አሁን የምወደው ክፍል መጣ፣ ልምምዱ። እኔ ማራቶን ሯጭ ማለት በየቀኑ እስኪደክመው ዝም ብሎ የሚሮጥ ሰው ይመስለኝ ነበር። እንደዛ አይደለም። ኒስካነን ረጅሙን ሩጫ በሱሉልታ በኩል ዳገት ቁልቁለቱን ያስሮጡታል፣ በሌላው ቀን ደግሞ አጭር ርቀት በፍጥነት አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እየደጋገመ እንዲሮጥ ያደርጉታል። በመሃል እረፍት አለው። የስፖርት መምህራችንን ለምን እንደዚህ ይደረጋል ብዬ ጠይቄያቸው ረጅሙ ሩጫ ልብንና ሳንባን ያጠነክራል፣ አጭሩና ፈጣኑ ደግሞ እግር በድካም ጊዜም እንዲፈጥን ያስተምረዋል ብለው አስረዱኝ። አዲስ አበባም ሱሉልታም ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ቦታዎች ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ የደም ሴሎችን ያበዛል። ስለዚህ ዝቅ ያለ አገር ሲሄዱ ትንፋሽ ይቀላል። ይሄን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምረነዋል፣ ግን ያኔ ከሩጫ ጋር አላገናኘሁትም ነበር።

ጫማን በተመለከተ አበበ በጫማም ያለ ጫማም ይለማመድ ነበር። ይሄን በደንብ ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የሮም ኦሎምፒክ ደረሰ። በዚያን ጊዜ በአገራችን የታወቀው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ነበር። ዋሚ ግን ሳይሄድ ቀረና አበበ ሄደ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አግብቶ ስለነበር አዲስ ሙሽራ ነበር ማለት ነው። ውጭ አገር አበበ የሚባል ሯጭ መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሮም ላይ ምን ሆነ? የነበረው ጫማ አልቆ ነበር። እዚያ የተገኘው አዲስ ጫማ ደግሞ እግሩን አልተስማማውም፣ ውሃ አስቋጠረው። ልክ እንደኔ! ይሄን ሳነብ ደብተሬን ዘግቼ ለእናቴ ልነግራት ሮጥኩ። ልዩነቱ ምንድን ነው፣ እሱ ውድድሩ ከመድረሱ በፊት ሞከረው፣ እኔ ግን ውድድሩ ላይ ሞከርኩት። እሱና አሰልጣኙ ተመካከሩና በባዶ እግሩ እንዲሮጥ ወሰኑ። በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም፣ ሲለማመድበት የኖረ ስለሆነ የእግሩ ቆዳ ጠንክሯል። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚለው ጫማ መግዣ አጥቶ አይደለም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ድሃ ስለሆነ በባዶ እግሩ ሮጠ ሲባል አስቦ የወሰነው ነገር ሁሉ ይጠፋል።

(ሥዕሉን የሳለልን የክበባችን አባል በመጀመሪያ ለሮሙ ሥዕል ጫማ አድርጎለት ነበር። በላጲስ ሲያጠፋው ወረቀቱ ስለተቀደደ ነው አንዱ እግር ደብዘዝ ያለው፣ ይቅርታ።)

ውድድሩ የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። አስተዋላችሁ? የእንቁጣጣሽ ዋዜማ! ሙቀቱን ለማምለጥ ሲባል ሩጫው የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ማታ ነው። ስለዚህ ሲጨርሱ ጨልሟል። በመንገዱ ዳር የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። ከመንገዱ የተወሰነው ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ነው፣ በድንጋይ የተነጠፈ። በባዶ እግር በድንጋይ ላይ፣ በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን። እኔ ይሄን ዓይኔን ጨፍኜ ለማየት እሞክራለሁ።

አሰልጣኙ ከሚጠነቀቅላቸው ሯጮች አንዱ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም መሆኑን ነግረውታል። ራዲ 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ስለተጠበቀ አበበ መንገዱን ሁሉ 26 ቁጥርን ይፈልግ ነበር። ራዲ ግን የለበሰው 185 ቁጥር ነበር። አበበ 11 ቁጥር ለብሶ ከ20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀምሮ ከአንድ ሰው ጋር ጎን ለጎን ይሮጣል፣ ግን 26 ቁጥር የታለ እያለ ያስባል። የሚፈልገው ሰው አጠገቡ ነው! እኔ ብሆን ሳቄ ይመጣ ነበር። እሱ ግን አላወቀም።

ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ መንገዱ በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፋል። ሐውልቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአክሱም ተዘርፎ ተወስዶ ሮም ላይ ቆሞ ነበር። አበበና አሰልጣኙ ውድድሩ ከመድረሱ በፊት መንገዱን አይተውት ሐውልቱ ጋ ሲደርስ እንዲያፈተልክ ተነጋግረዋል። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ጨመረ። ራዲ መከተል አቃተው። አበበ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ገባ። ራዲ 25 ሰከንድ ዘግይቶ ሁለተኛ ሆነ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም 7ኛ ወጥቷል፣ ስለ እሱ ማንም አያወራም እንጂ። ሰዓቱ የዓለም ፈጣን ሰዓት ነበር። አበበም ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ነው።

በሒሳብ ላሳያችሁ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። የኛ ሜዳ አንድ ዙሩ 200 ሜትር ስለሆነ 211 ጊዜ መዞር ማለት ነው። አበበ አንዱን ኪሎ ሜትር የሮጠው በ3 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ገደማ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ኪሎ ሜትር በሙሉ አቅሜ ሮጬ 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጅቶብኛል፣ ከዚያ ሳሩ ላይ ተኛሁ። አበበ ከጨረሰ በኋላ አልተኛም፣ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታይቷል።

ከሮም በኋላ በ1953 ዓ.ም. አቴንስም ጃፓን ኦሳካም ሮጦ አሸንፏል። ኦሳካ ላይ የጃፓን ጫማ ሠሪ የሆነ ሰው ለምኖት በጫማ ሮጠ። ስለዚህ ጫማ ጠልቶም አይደለም፣ ሲመቸው ያደርጋል። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ከማሞ ወልዴ ጋር አሜሪካ ቦስተን ሄዱ። ሁለቱ በጣም ፈጥነው ቀድመው ሲመሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ በብርዱና በዳገቱ ስትራፖ ያዛቸው። አበበ 5ኛ ማሞ 12ኛ ሆኑ። ይሄንን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። አበበንም ስትራፖ ይይዘዋል!

የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሊደርስ ሲል ነው ትልቁ ችግር የመጣው። ሆዱን አመመውና ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ኦፕራሲዮን ተደረገ። ማራቶኑ ጥቅምት 11 ነው። ቁጠሩት፣ 35 ቀን ብቻ! የጎረቤታችን ልጅ በትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሲደረግ አንድ ወር ሙሉ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ፈቃድ ነበረው፣ ኳስ እንኳ አልነካም። አበበ ግን ማታ ማታ በሆስፒታሉ ግቢ ሶምሶማ ይል ነበር ይባላል። እናቴ ይሄን ሳነብላት አልወደደችውም፣ ቁስል እንደዛ አይደፈርም፣ ልጆች አንብበው እንዳይሞክሩት ብለህ ጻፍ አለችኝ። ጻፍኩ እማዬ።

ቶኪዮ ሲደርስ ማንም ያሸንፋል ብሎ አልጠበቀም። በዚህ ጊዜ ነጭ ጫማና ካልሲ አድርጎ ነው የሮጠው። መጀመሪያ ላይ የአውስትራሊያው ሮን ክላርክ ሲመራ አበበ ዝም ብሎ ተከተለው፣ ቀስ በቀስ ሁሉንም ትቶ ሄደ። ስታዲየም ሲገባ ከኋላው ሰው አይታይም። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ከራሱ የሮም ሰዓት በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ይፈጥናል። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የገባው። በኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። እና ሰዎቹን እየጠበቀ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ሳሩ ላይ በጀርባው ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ አንስቶ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ያንቀሳቅስ ነበር። ሽልማቱ ሲሰጥ ባንዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስለማያውቅ የጃፓንን መዝሙር ተጫወተ። አያቴ ያኔ ልጅ ነበር፣ ወሬውን በሬዲዮ እንደሰሙና ሰፈሩ በሙሉ ደጅ እንደወጣ እስከ ዛሬ ያወራልናል።

ንጉሠ ነገሥቱ ማዕረጉን ከፍ አደረጉለትና ነጭ ቮልስዋገን መኪና ሸለሙት።

አሁን ደግሞ ለኔ በጣም ትልቅ የሆነው ቦታ ላይ ደርሰናል። በ1959 ዓ.ም. ስፔን ውስጥ ሲሮጥ የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ አቋረጠ። ከዚያ በኋላ እግሩ እንደ ድሮው አልሆነም። ቢሆንም ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ኦሎምፒክ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። እግሩን አጥንቱ ድረስ ያመው ነበር። 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ቆመ። አዎ፣ አበበ ቢቂላ ቆመ። በመንገዱ ላይ እሱ መጨረስ እንደማይችልና ማሸነፍ ያለበት ማሞ መሆኑን ለማሞ እንደነገረው ይወራል። ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቁን አመጣ። በኋላ ሲመረመር የአበበ አጥንት ተሰንጥቆ ነበር።

የተሰነጠቀ አጥንትና የተላጠ ተረከዝ አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። እኔ ከአበበ ጋር ራሴን እያወዳደርኩ አይደለም። ግን ሲያሾፉብኝ የነበሩት ልጆች የሮሙን ብቻ ነው የሚያውቁት፣ የሜክሲኮውን አያውቁም። የስፖርት መምህራችንን ሕመም ሲመጣ መቼ ነው መቻል፣ መቼ ነው ማቆም ብዬ ጠየቅኳቸው። የድካም ሕመም ሲያርፉ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋና በእያንዳንዱ እርምጃ የሚብስ ሕመም ሲሆን ግን ቁም ነው የሚለው አሉኝ። ውጋቱ የመጣብኝ ደግሞ ከሩጫው በፊት ሁለት ሳምቡሳ ስለበላሁ ሊሆን እንደሚችል ነገሩኝ። እሱን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

የመጨረሻውን ክፍል ስጽፍ ከብዶኛል። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ያቺን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ መኪናዋ ተገለበጠች። ሰው እስኪያገኘው ድረስ ሌሊቱን መኪናው ውስጥ ተጣብቆ አደረ። የአከርካሪው አጥንት ተጎድቶ ነበር። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ተልኮ ስቶክ ማንደቪል በሚባለው ሆስፒታል 8 ወር ቆየ። መጀመሪያ እጁንም ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፣ በኋላ እጁ ዳነለት። እግሩ ግን እንደገና አልሄደም። በዓለም ላይ በእግሩ የታወቀ ሰው!

ታሪኩ እዚህ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር፣ ግን አላለቀም። ያ ሆስፒታል የአካል ጉዳተኞች የስፖርት ውድድር የተጀመረበት ቦታ ነው። አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት መወርወር ተማረና እዚያው እንግሊዝ በ1962 ዓ.ም. ተወዳደረ። የጠረጴዛ ቴኒስም ይጫወት ነበር። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት መቀመጫ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። የጃቶ ልጅ በበረዶ ላይ! እዚህ ላይ እኔ ሦስት ጊዜ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ሮምን ሁሉም ያውቃል፣ ይሄንን ግን ክፍላችን ውስጥ ስጠይቅ አንድም ሰው አላወቀም። ትምህርት ቤታችን ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የምትመጣው ጓደኛችን ብቻ ናት ሰምቼዋለሁ ያለችው።

በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ተጠርቶ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ መጥቶ ጨበጠው።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ በ41 ዓመቱ አረፈ። አራት ልጆች ነበሩት። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተገኝተዋል፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ወጥቶ ሸኝቶታል። አዲስ አበባ ውስጥ በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ።

የሚቀጥለው የክፍል ለክፍል ሩጫ ግንቦት ላይ ነው። ወንድሜ ጫማውን ሰጥቶኛል፣ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ እያደረግኩት አሁን ለስልሷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ እለማመዳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ረጅም በዝግታ፣ አንድ ቅዳሜ አጭር በፍጥነት። ባለፈው ቅዳሜ 12 ዙር ሮጫለሁ። መምጣት የምትፈልጉ 1 ሰዓት ላይ በሩ ጋ ጠብቁኝ፣ ቁርስ ግን ሳትበሉ ኑ።

ከ7ኛ ለ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ